የአራተኛው ችሎት ድምፅ

«ገጀራውን ከሙዙ ግንድ ላይ ነቀለና…» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ማዳመጫዬ ውስጥ የቀረው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚያካፋ የሚመስል ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ድምፁ ሲመለስ የተከሳሹ ጠበቃ ስለ ሌላ ነገር እየጠየቀ ነው። ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩት፤ ያው ነው። መሀሉ የለም።

ብርቅዬ እባላለሁ። ያኔ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ የድምፅ ግልባጭ ጸሐፊ ነበርኩ። በየችሎቱ የተቀረፀውን እየሰማን ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። ቀኑን ሙሉ የምንሰማው ዱላ፣ ድንጋይ፣ ጩቤ ነው። ወንድም ወንድሙን በድንበር ተጣልቶ እንዴት ጭንቅላቱን እንደፈለጠው እንጽፍና ምሳ እንወጣለን፤ ምሳው ላይም ይከተለናል። አብራን የምትሠራ አንዲት ሴት ማዳመጫዋን ባወለቀች ቁጥር ጆሮዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ድምፅዋ የጠፋው ሴት ምኞት ትባላለች። ባሏ ፈቃደ ከከተማው በታች ባለው የሙዝ እርሻቸው ውስጥ፣ ከሌላ ሰው ጋር ትሄጃለሽ ብሎ በሙዝ መቁረጫ ገጀራ የግራ እጇን ጣቶች ቆርጧቸዋል፤ ትከሻዋን እስከ አጥንቱ ከፍቶ፣ ሞታለች ብሎ የመስኖ ቦይ ውስጥ ጥሏት ሄዷል። ጎረቤቶች ደርሰው ያወጧት ውሃው ቀልቶ ስላዩ ነው። እሱ ግን ሌባ ነው የመታት፣ እኔ አልነበርኩም ብሎ ካደ። በዓይን ያየች ከእሷ በቀር ማንም የለም። አራተኛው የችሎት አዳራሽ ቀርባ በጋሞኛ መስክራለች፤ ጌታነህ የተባለው አስተርጓሚያችን ወደ አማርኛ መልሶታል። አሁን ግን በመቅረጫው ውስጥ ባልየው ገጀራ ያነሳበት፣ የመታበትና የሄደበት ቦታ በሙሉ የለም። ዳኛው በእጃቸው የያዙት ማስታወሻ አጭር ነበር፤ ጠበቃውም ይህን ቢያውቅ ዝም እንደማይል የታወቀ ነው።

ማዳመጫውን ይዤ የማሽኑ ክፍል ወዳለችው ወደ ኢያኤል ሄድኩ። የፍርድ ቤቱን ኮምፒውተሮች የምትጠብቅ እሷ ብቻ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ስታናግር ዓይን የማታይ ሴት ናት። ሰማችው፤ ደግማ ሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ሳቂታ ባትሆንም እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ምን ያህል እንደጠፋ ጠየቀችኝ፤ የመታበት ሁሉ ነው አልኳት።

ኢያኤል ኦይታ የገረሴ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ኦይታ ሸማኔ ነበር፤ በጥሩ እጁ የታወቀ፣ በክፉ እጁም የታወቀ። ልጅቷ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ አንድ ዝናባማ ቀን፣ አባትየው ከሽመና ዕቃው አንዱን እንጨት መዝዞ የእናቷን መንጋጋ መታ። አንዴ መትቶ አልተወም። ኢያኤል በሩ ሥር ቆማ አየችው። የእናቷ አፍ ወደ ጎን ሄዶ ቀረ፤ ከደም ጋር ጥርስ መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌ ተቀመጠ። አባትየው ተነስቶ የሆነውን ሁሉ እሱ እንደሚፈልገው አወራ። እናትየዋ ተራዋ ሲደርስ መንጋጋዋ በጨርቅ ታስሮ ስለነበር እጇን ብቻ አነሳች። ነገሩ በእርቅ አለቀ፤ አባትየው በዚያው ሳምንት ደገማት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሻይ እየጠጣች፣ የሰው ታሪክ እንደምታወራ። «ከዚያ ወዲህ እናቴ የምትናገረው የሚገባው ለእኔ ብቻ ነበር» አለችኝ። እናቷ የሞተችው ኢያኤል እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር ነው። ከቀብሩ በኋላ ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም።

ችግሩን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። የድምፅ መቅረጫውን ፕሮግራም የጻፈው ከእሷ በፊት የነበረ ባለሙያ ነው፤ ዲስኩን የሚያስተዳድረውም ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ኢያኤል የተበላሸ አሮጌ ሃርድ ዲስክ በመፍቻ ከፍታ አሳየችኝ። ውስጡ እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚያብለጨልጭ ክብ ሰሌዳ አለ፤ በላዩም አንዲት ቀጭን ክንድ።

«አራቱም ችሎቶች ድምፃቸውን ወደ አንድ ዲስክ ነው የሚልኩት» አለች። «እናንተ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ከዚያው ላይ የድሮውን ታነባላችሁ። የሚጽፈውም የሚያነበውም ይህ አንድ ክንድ ነው። ጥያቄዎቹ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ፕሮግራሙም ሁልጊዜ ለክንዱ የቀረበውን ይመርጣል። የሦስቱ ችሎቶች ቦታና እናንተ የምታነቡት እዚህ ዳር ተጠጋግቷል። የአራተኛው ከሌላው ጫፍ ነው ያለው። ክንዱ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ሌላ ቅርብ ጥያቄ ይመጣል።»

አራተኛውስ ምን ይሆናል አልኳት።

«ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተማሪ ሳለን ‹ተራበ› ነበር የምንለው። ድምፁ ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ ሲሞላ አዲሱ ድምፅ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል።»

የሬጅስትራሩ ኃላፊ ጋሽ ሸዋንዳኝ ነገሩን ለዳኞቹ አሳወቁ። ምኞት እንደገና እንድትመሰክር ቀጠሮ ተሰጠ። ያኔ ካምባ ወረዳ ዘመዶቿ ጋ ትኖር ነበር። መጥሪያውን ያደረሰው ፖሊስ እንዳወራው፣ ሴትዮዋ የተረፈውን እጇን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገብታለች።

ኢያኤል ያገኘችውን ነገር ሁሉ መሞከር ጀመረች። መጀመሪያ ሁሉንም በመጡበት ተራ አሰለፈቻቸው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሄዳል። የሚራብ አልነበረም፤ ክንዱ ግን ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ጊዜው ሁሉ በመንገድ ላይ አለቀና አራቱም ችሎቶች ይቆራረጡ ጀመር። ዲስኩ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ያንቀጫቅጭ ነበር። ቀጥላ ጥያቄዎቹን በዲስኩ ላይ ባላቸው ቦታ ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው፤ ክንዱ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ እያነሳ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄድና ይመለሳል። ይኼ ደህና ነበር። ችግሩ የመደርደሪያው ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ቦታውን ለማግኘት ከዝርዝሩ ራስ ጀምሮ አንድ በአንድ እየቆጠረ ማለፍ አለበት። ሥራ ሲበዛ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ማሽኑ መጻፉን ትቶ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። የቀጠሮው ቀን የደረሰው እሷ በዚህ ሳትረካ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ በሚኒባስ አብረን ወጣን። የፍርድ ቤቱ በር አካባቢ እንደ ልማዱ ባለጉዳይ ተሰብስቧል። ምኞት ከአክስቷ ጋር ከዛፉ ሥር ቆማ ነበር። ከሚኒባሱ ስንወርድ አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ከኋላዋ ሲጠጋ አየሁ። የፈቃደ ታናሽ ወንድም ይፍሩ ነበር። ከኮቱ ውስጥ የግንባታ ፌሮ አወጣ። ምኞት ዞር ስትል አፏን መታት።

«አሁን ተናገሪ» አላት።

ወደቀች። አክስቷ ጮኸች፤ ሰውየው ደግሞ ሊመታ ፌሮውን አነሳ። ኢያኤል ቦርሳዋን ጥላ ስትሮጥ ያየሁት እግሯ መሬት የነካ አይመስልም ነበር። መሀላቸው ገባች፤ በምኞት አፍ ላይ የታሰበውን ክንዷን ጋርዳ ተቀበለችው። አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ሰማሁት፤ ሥራዬ መስማት ነውና እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ይፍሩ ሚዛኑ ተዛብቶ ሲንገዳገድ ፌሮው ከእጁ አመለጠ። በደህናው እጇ አነሳችውና ፊቱ ላይ መታችው። ወደቀ። እሷም አብራው ተንበረከከች፤ መታችው፣ መታችው። ስሟን እየጠራሁ ልብሷን ይዤ ጎተትኩ፤ አልሰማችኝም። የሚገርመው ድምፅ አልነበራትም። ጥርሷን ነክሳ፣ ፀጥ ብላ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ነበር የምትመታው። ሁለት ፖሊሶች አንስተው እስኪያርቋት አላቆመችም።

ሁላቸውንም አንድ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ምኞት የፊት ጥርሶቿን አጣች፤ ከንፈሯ ተሰፋ። ይፍሩ በሕይወት ተረፈ፤ ግራ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ኢያኤል ክንዷ በጄሶ ታስሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደች። ልጠይቃት ስሄድ ሸሚዟ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ጠበቃ ላምጣልሽ አልኳት፤ ሰው መሀል ገብተሽ ነው፣ ራስሽን ተከላክለሽ ነው፣ ሁሉም አይቷል አልኳት።

«ብርቅዬ፣ ሲወድቅ አይቼዋለሁ» አለች። «እንደማይነሳም አውቄያለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የቀጠልኩት።»

መርማሪውም ሲጠይቃት ይህንኑ ተናገረች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ጋሽ ሸዋንዳኝ ዋስ ሆነው አስወጧት። ክሱ እስኪወሰን ድረስ ሥራዋ ላይ ቆየች። በወጣች በሳምንቱ አባቷ ከገረሴ መጣ። ወሬው እዚያ ድረስ ሄዶ ነበር። ቤቷ ተቀምጬ ሾርባ እያበላኋት ሳለ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ያረጀ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እጆቹ ግን አሁንም ትላልቅ የሆኑ ሰው። የታሰረ ክንዷን አየና ሳቀ። ደስ ያለው ሰው ሳቅ ነበር።

«በእኔ ወጥተሻል» አላት። «የወለድኩት ወንድ ልጅ እንኳ እንዲህ አይመታም።»

ኢያኤል ተነስታ በሩን ከፈተችና ውጭውን አሳየችው። ሲወጣ ዘጋችው፤ ጥግ ሄዳም የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። ስለ እሱ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አላወራችም።

የምኞት ከንፈር እስኪድን ሦስተኛ ቀጠሮ ተሰጥቶ ነበር። ኢያኤል ፕሮግራሙን ከመሠረቱ ልጽፈው ነው አለች፤ በአንድ እጅ ግን አይሆንላትም። ስለዚህ ከሥራ ሰዓት የተረፈንን ሁሉ የማሽኑ ክፍል ተቀምጠን እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የምጽፈው ቋንቋ አይገባኝም ነበር፤ ስጠይቃት ግን ትነግረኛለች፤ መንገሩ ለእሷም የሚጠቅማት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያሰበችው ጥያቄዎቹን «ክምር» በሚባል አደራደር ማስቀመጥ ነበር። በክምር ውስጥ የቦታ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሁልጊዜ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ማንሳቱም መጨመሩም ፈጣን ነው፤ ሺህ ጥያቄ ቢመጣ እንኳ እንደ ዝርዝሩ አንድ በአንድ መቁጠር የለም። ቀኑን ሙሉ ስንጽፈው ውለን በማግስቱ ጣለችው። ለምን ብዬ ተናደድኩ፤ የደከመው የእኔ ጣት ነው።

«አናቱን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ጎረቤቱን ልጠይቀው እፈልጋለሁ። ክንዱ እዚህ ቆሞ፣ ከዚህ ቀጥሎ ማን አለ ስለው ክምሩ አይመልስልኝም። ሁለት የተጠጋጉ የድምፅ ቁራጮች መጥተው በአንድ ላይ ይጻፉ ብልም አጠገብ ለአጠገብ መሆናቸውን አያይም። ከመሀሉ አንዱን ፈልጌ ላውጣ ብልም ሁሉን መበርበር ነው።»

ስለዚህ «ዛፍ» ወደሚባለው አደራደር ሄደች፤ ሥሩ ላይ፣ ቅርንጫፉ ታች ነው። ከሥሩ ተነስተሽ፣ የምትፈልጊው ቦታ ከዚህ ያንሳል ወይስ ይበልጣል እያልሽ፣ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ቅርንጫፍ ትወርጃለሽ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሹን ትተሽ ትሄጃለሽ። ጥያቄዎች በተከታታይ ሲመጡ ግን ዛፉ ወደ አንድ ጎን ብቻ አድጎ እንደገና ዝርዝር ይሆናል፤ ለዚህ ሲጎብጥ ራሱን የሚያቃና የዛፍ ዓይነት መረጠች። ዛፉ ጎረቤትን ያውቃል፤ ቀጥሎ ያለውን ያውቃል፤ ከመሀሉም ያለ ችግር ይነቀላል።

ዛፉ ብቻውን ግን አላረካትም። ክንዱ እየጠረገ ቢሄድም አንድ አካባቢ ላይ ጥያቄ ሲዘንብ እዚያው ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ በሁለት ቦታ እንዲመዘገብ አደረገች፤ በዛፉ ላይ እንደ ቦታው፣ ከጎኑ ባለ ተራ ወረፋ ውስጥ ደግሞ እንደ መጣበት ጊዜ። በወረፋው ውስጥ ለእያንዳንዱ የመጨረሻ ሰዓት ተሰጠው። ለችሎት ድምፅ አጭር፣ ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ንባብ ረጅም። ክንዱ በዛፉ ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት የወረፋውን ፊት ያያል፤ ሰዓቱ ያለፈበት ካለ ሁሉን ትቶ ወደ እሱ ይሄዳል። እኛ ጸሐፊዎቹ ትንሽ ብንጠብቅ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ድምፁ ተቀርጿል። ሰው እየተናገረ ያለው ግን አይጠብቅም።

በዚያ ሰሞን የይፍሩ ዘመዶች ኢያኤል የተከራየችበትን ቤት ይደበድቡ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ይወርዳል፤ መስኮቱ ተሰበረ። ሲቀላ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት መጥታ ፊቷ ላይ ተፋችባት፤ የይፍሩ እናት እንደሆኑ ቆይተን አወቅን። ኢያኤል በእጇ ጀርባ ጠረገችና አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ ሴትዮዋ ደክሟቸው እስኪሄዱ አልተንቀሳቀሰችም። አከራይዋ ልቀቂልኝ አሏት። እኔ ጋ መጣች።

አዲሱን ፕሮግራም የሞከርን ዕለት ማሽኑ ለአፍታ ሠራና ቀጥ አለ። ከዛፉ ላይ የነቀልነውን ጥያቄ ከወረፋው ማውጣት ረስተን ነበር፤ ክንዱ የሌለ ነገር ሊጽፍ ይሄዳል። ኢያኤል በጄሶ የታሰረ ክንዷን አንስታ ጠረጴዛውን መታች። ደግማ መታች። ጄሶው ተሰነጠቀ። እኔ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ነበር፤ ሳላስበው ነው የተጠጋሁት። አየችኝ። ክንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሕመሙ እስኪያልፍ ቁጭ አለች። ከዚያ ከየትኛው መስመር እንደምንጀምር ነገረችኝ፤ አስተካከልነው።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱ ችሎቶች ውስጥ ሰው አስቀመጥን። ጌታነህና ሌሎች ባልደረቦቻችን ማይክራፎን ፊት ያገኙትን ጋዜጣ እያነበቡ፣ ጸሐፊዎቹ በሙሉ የድሮ ድምፅ ከፍተን፣ ማሽኑን አስጨነቅነው። እኛ የምንሰማው አልፎ አልፎ ይንተባተብ ነበር። አራተኛው ችሎት ውስጥ ግን ጌታነህ ያነበበው ሁሉ፣ ሲያስነጥስ እንኳ፣ ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

ምኞት በሦስተኛው ቀጠሮ ለምስክርነት ቆመች። በዚህ ጊዜ ፖሊስ ከመናኸሪያው ጀምሮ አጅቧት ነው የመጣችው። እኔ ችሎቱ ውስጥ አልነበርኩም፤ የሰማኋት እንደ ወትሮው በማዳመጫዬ ነው። ጥርሶቿ ስለሌሉ አንዳንዱ ቃል በአየር ይወጣል። ጌታነህ እየቆየ፣ እየደገመ ያስተረጉማል። ገጀራውን ከሙዙ ግንድ ላይ ነቀለ አለች። ባለፈው የተቆረጠው እዚህ ላይ ስለነበር አሁንም የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀጠለ።

«መጀመሪያ እጄን ዘረጋሁ፤ ጣቶቼ ቅጠሉ ላይ ሲወድቁ አየኋቸው፤ የእኔ መሆናቸው አልገባኝም። ለምን ትመታኛለህ አልኩት። ስሙን ጠራሁ። ትከሻዬን ሲመታኝ ፊቴን ወደ መሬት ደፋሁ፤ በእግሩ ገልብጦ ዓይኔን አየ። እንዳልሞትኩ እንዳያውቅ ዓይኔን ከፍቼ ተውኩት። ዝንብ ዓይኔ ላይ አረፈ። አልጨፈንኩም። ጎትቶ ቦዩ ውስጥ ጣለኝ።»

ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ደጋግሞ ሊያደናግራት ሞከረ። ስሙን ጠራሁ ብለሻል፣ በፊት ግን ይህን አላልሽም አላት። «ብያለሁ፤ ጠፋባችሁ እንጂ» ብላ መለሰች። ይህንንም ጻፍኩ። ገጽ በገጽ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል።

ፈቃደ በመግደል ሙከራ ጥፋተኛ ተብሎ ረጅም እስራት ተፈረደበት። ይፍሩም ምስክር በመደብደብ ታሰረ። የኢያኤልን ክስ፣ የእኛው ፍርድ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች፣ ሌላ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት አየው። ጠበቃዋ መከራከሪያ ያዘጋጀላት ቢሆንም እሷ ከመከላከል ልክ ማለፏን አልካደችም። በገደብ ለቀቋት። ሥራዋን ግን አጣች። የመጨረሻ ቀኗ ዕለት ለተተኪው ሰውዬ ዛፉንና ወረፋውን ስታስረዳው ዋለች፤ የቱ ከየቱ ጋር አብሮ መነቀል እንዳለበት ደጋግማ ነገረችው፤ ከዚያ ጃኬቷን አንስታ ወጣች። ጋሽ ሸዋንዳኝ እስከ በሩ ሸኟት።

ሲቀላ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ሱቅ ከፈተች። ክንዷ ጠማማ ሆኖ ነው የዳነው፤ ሲዘንብ ያማታል። አላገባችም። አንድ ጊዜ ጨዋ ሰው ጠይቋት ነበር፤ ለምን እምቢ አልሽ ብላት፣ ቤት ውስጥ ልጅ ቢያስቸግረኝ እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም አለችኝ። አባቷ ሲሞት ገረሴ ሄዳ ቀብራ፣ በዚያው ቀን ተመለሰች።

በ2009 ዓ.ም. ፈቃደ በአመክሮ መፈታቱን ሰማን። ኢያኤል ወሬውን እንደሰማች ሱቋን ዘግታ እኔን ከሥራ አስጠራችኝ፤ በማግስቱ ካምባ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ መኪናውን ሁለት ቦታ ወርደን ገፋነው። ምኞትን ያገኘናት እንሰት ማሳዋ ውስጥ ነው፤ በአንድ እጇና በደህናው ትከሻዋ እየሠራች። መፈታቱን ከእኛ በፊት ሰምታለች። ኢያኤል ለጥቂት ጊዜ አርባ ምንጭ እኛ ጋ እንድትሆን ለመነቻት። ምኞት መሬቷን፣ ያረሰችውን አሳየችን።

«ሸሽቼ የት እደርሳለሁ» አለች። «እዚሁ ያግኘኝ።»

አገኛት። በገበያ ቀን፣ ገብሷን ፊቷ አድርጋ በተቀመጠችበት መጥቶ ቆመ። በኋላ በስልክ ለኢያኤል እንዳወራችላት፣ ሲያያት እጁን ኪሱ ከተተ። ምኞት ተነስታ ከገበያተኛው ፊት፣ በጋሞኛ፣ ማንም ሳያስተረጉምላት፣ ያደረጋትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ቦዩንም ዝንቡንም አልተወችም። እሱ ዝም በይ ብሎ ሲጠጋት ሰዎች መሀል ገቡ። ጎረምሶቹ ያዙት። ደበደቡት፤ ፖሊስ እስኪደርስ ደበደቡት። ራሱን ስቶ መኪና ላይ ጭነው ወደ አርባ ምንጭ ሰደዱት።

ኢያኤል ስልኩን ስትዘጋ አጠገቧ ነበርኩ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሱቁን ዘጋች፤ ወደተወሰደበት ሆስፒታል ሄደች። እኔም ተከተልኳት። የድንገተኛ ክፍሉ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ዘመዱ ነሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት አይደለሁም አለች፤ ግን አልተነሳችም። ለምን እንደመጣች ስጠይቃት «ከወደቀ በኋላም ቀጥለዋል» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ነርስ ወጥታ ሰውየው እንደሚተርፍ ነገረችን።

ኢያኤል ለነርሷ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ተነሳች፤ ጠማማውን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ደረጃውን ወረደች። ፈቃደ ከዳነ በኋላ ወደ ደቡብ ኦሞ ሄደ ተባለ፤ ምኞት ዛሬም ካምባ ናት። ያን ቀን ግን ይህን ገና አናውቅም። ከሆስፒታሉ በር ላይ ሚኒባስ ቆመ፤ ኢያኤል ከፊት ወንበር ገብታ ሲቀላ እንድንወርድ ለሾፌሩ ነገረችው። ሱቋ ውስጥ እስከ ማታ ለባለቤቶቻቸው ልትመልሳቸው የነበሩ ስልኮች ይጠብቋታል።